የአምስት ቀኑ የሴቶች አመራር ሥልጠና በባሕር ዳር፦ ገንዘቡ የሚወጣው ለየትኛው ቀን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ለባንኮች፣ ለፋብሪካዎችና ለልማት ድርጅቶች የሚሸጥ አንድ ዓይነት ጥቅል አለ። “ሴቶች በአመራር” የሚል ባነር፣ ሐይቁ ዳር ያለ የሆቴል አዳራሽ፣ አምስት ቀን፣ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ሠልጣኝ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጡ ሁለት አሠልጣኞች፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬትና የጋራ ፎቶ። አቅራቢዎቹ ከአንድ በላይ ቢሆኑም ማንዋሎቻቸው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ስም መጥራት አላስፈለገም። ይህ ግምገማ የሰው ኃይል ኃላፊ ሆነው “እንግዛው ወይስ ይቅርብን?” እያሉ ለሚያመነቱ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ዋጋቸውን ያወጣሉ። ሁለተኛው ማንዋሉ ከታደሰ ጥሩ ነው። አንደኛው ቢቀር የሚጎዳ ሰው የለም። አምስተኛው አሁን ባለው መልኩ ለፎቶ ካልሆነ በቀር ብዙም አይጠቅም።

አንደኛው ቀን “በራስ መተማመን” ይባላል። ቀኑን ሙሉ ስለ አቋም፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ዓይን ለዓይን መተያየት ይወራል። መነሻው ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ሴቷ ያላደገችው ስለምትፈራ ነው ብሎ ያስባል። የቅርንጫፍ ካዝና በየቀኑ ቆጥራ የምትዘጋ፣ ከኦዲተር ጋር ፊት ለፊት የምትሟገት፣ የተቆጣ ደንበኛ የምታበርድ ሴት ስለ ድፍረት ትምህርት አያስፈልጋትም። የሚያስቀራት ወረቀት ነው፦ የማስታወቂያው መስፈርት፣ የምዘናው ቅጽ፣ ያልተጻፈው ውክልና። አንዳንዱ ማንዋል ደግሞ በዚሁ ቀን የንግድ ዕቅድ አዘገጃጀት ይጨምራል። ያ ከሴት ሥራ ፈጣሪዎች ሥልጠና የተቀዳ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ባሕር ዳርንም ያካተተው የሴቶች ኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት የራሳቸው ንግድ ላላቸው ሴቶች ብድርና ሥልጠና ያቀረበ ነው፤ ተቀጥራ ደረጃ በደረጃ የምትወጣ ሴት ችግሯ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ላይ “ቢዝነስ ፕላን” የሚል ክፍለ ጊዜ ካያችሁ እንዲወጣ ጠይቁ።

ከአንደኛው ቀን የሚተርፈው አንድ ስላይድ ነው። አማካሪ ድርጅቱ ማኪንዚና ለሴቶች እድገት የሚሠራው ሊንኢን የተባለ ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ 100 ወንዶች ወደ መጀመሪያው የኃላፊነት ደረጃ ሲያድጉ ያን ዕድል የሚያገኙት ሴቶች 81 ናቸው። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፤ ወደ እኛ አገር ማዛወር አይቻልም። ትምህርቱ ግን ይሠራል፦ ሴቶች የሚቀሩት ላይኛው ወንበር ደጃፍ ላይ ሳይሆን ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። እዚህ ያ ደረጃ በባንክ የብድር ወይም የኦፕሬሽን ቡድን መሪነት፣ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሺፍት መሪነት ነው። አሠልጣኞቹ ይህን በአሥር ደቂቃ አልፈው ወደ ድምፅ ልምምድ ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ቀን ሕግ ነው። እዚህ ማንዋሉ አዲስ ይሁን አሮጌ የሚለይበት ቀላል ዘዴ አለ፦ የወሊድ ፈቃድ ገጹን ግለጡ። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ካለ የተሻረውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 ይዞ ነው የመጣው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለውን 90 አድርጎታል፤ በድምሩ 120 ቀን ነው። በዚህ ገጽ የተሳሳተ ማንዋል በሌላውም አይታመንም። አዋጁ የግልና የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን ሠራተኞች እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን እንደማይገዛም ልብ በሉ፤ ከቢሮና ከባንክ የመጡ ሠልጣኞች አንድ አዳራሽ ሲቀመጡ አሠልጣኙ ሁለቱን ሕግ ካልለየ ግማሹ ሰው የማይመለከተውን ጽፎ ይሄዳል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ይነበባል፤ በቅጥር፣ በደረጃ እድገትና በክፍያ እኩልነት። ጥሩ። ከዚያ የአዋጅ 1156 አንቀጽ 87 ይመጣል፦ ሴት ከወንድ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣች በቅጥርም ሆነ በእድገት ቅድሚያ ለእሷ ነው። አዳራሹ ያጨበጭባል። አሠልጣኙ የማይናገረው ግን ድንጋጌው በተግባር የት እንደሚሞት ነው። የእድገት ኮሚቴ ውጤት የሚይዘው በሁለት ዴሲማል ነው። እሷ 81.40፣ እሱ 81.65 ካመጡ “እኩል” አይደሉም፤ በሩብ ነጥብ ተበልጣለች። በዚህ አያያዝ እኩል ውጤት ማለት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ላይከሰት የሚችል ነገር ነው። መፍትሔው በድርጅቱ የውስጥ መመሪያ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፦ “የመጨረሻ ውጤት ወደ ቅርብ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል” ወይም “የአንድ ነጥብ ልዩነት እንደ እኩል ይቆጠራል”። ሁለተኛው ይሻላል፤ ማጠጋጋት ብቻውን ከሆነ 81.40 ወደ 81፣ 81.65 ወደ 82 ሄዶ ልዩነቱን ጭራሽ ያሰፋዋል። ይህን መስመር ለማስገባት ሥልጠና ሳይሆን የማኔጅመንት ስብሰባ ነው የሚያስፈልገው። ጥቅሉን የሚገዛ ድርጅት ሁለተኛው ቀን ላይ የሰው ኃይል ኃላፊውንና የመመሪያ አርቃቂውን እንዲያስቀምጥ የምንመክረው ለዚህ ነው። እነሱ ከሌሉ ሴቶቹ መብታቸውን አውቀው ወደ ማይለወጥ ቅጽ ይመለሳሉ።

ሦስተኛው ቀን “የግል ማኅደር” ነው። ሠልጣኞች የራሳቸውን ማኅደር ኮፒ ይዘው ይመጣሉ፤ የድርጅታቸው የቅርብ ጊዜ የውስጥ ማስታወቂያ ይሰጣቸዋል፤ መስፈርቱን ከማኅደራቸው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራሉ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይኸው ነው፤ ከጠቅላላው ጥቅል ምርጡም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ጉድ የተጠባባቂነት ነው። ማስታወቂያው “በቅርንጫፍ ሥራ 6 ዓመት፣ ከዚህ ውስጥ 2 ዓመት በኃላፊነት” ይላል እንበል። ዘጠኝ ዓመት የሠራች፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ቡድኑን የመራች ሴት አለች። ማኅደሯ ውስጥ ግን የሚያሳይ ወረቀት የለም፤ ያኔ የተባለችው “እስቲ ሰው እስኪመደብ አንቺ ያዥልን” ብቻ ነው። ለኮሚቴው ያ ልምድ አልነበረም። ወንዱም እንዲህ ሊባል ይችላል፤ ልዩነቱ እሱ ብዙውን ጊዜ “ደብዳቤዬስ?” ብሎ መጠየቁ፣ እሷ ብትጠይቅ ደግሞ ሥልጣን ፈላጊ መባሏ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው የደብዳቤ ናሙና ጠቃሚ ነው፤ የሥራ መደቡ ስምና ደረጃ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሚከፈለው አበል፣ የሰጪው ፊርማና ማኅተም አሉት። አበል ካልተከፈለ እንኳ “ያለ አበል” ተብሎ ይጻፍ። ደብዳቤው የጠፋባት ሴት የዚያን ጊዜ የደመወዝ መዝገብ ላይ አበሉ ካለ ከፋይናንስ ማስረጃ ታውጣ፤ ያም ከሌለ በተጠባባቂነት የፈረመችባቸው የወጪ ደብዳቤዎች ኮፒ ይረዳል።

ሁለተኛው የምዘና ነገር ነው። ማንዋሉ በግማሽ ገጽ ያልፈዋል፤ እዚህ ዘርዘር እናድርገው፤ ብዙ እድገት የሚበላሸው እዚህ ነውና። አንዲት የብድር ኦፊሰር በግማሽ ዓመቱ 90 ፋይል የማጣራት ዕቅድ ተሰጥቷታል። ከስድስቱ ወር አራቱን በወሊድ ፈቃድ ላይ ሆና ሁለቱን ሠራች። የሚጠበቅባት 30 ፋይል ነው። 33 ሠርታ ከሆነ 110 በመቶ ፈጽማለች። ቅጹ ግን 33ን ለ90 ያካፍልና 37 በመቶ ያህል ይሰጣታል። ኮሚቴው የሁለት ተከታታይ ግማሽ ዓመት አማካይ ወስዶ ሌላኛው 90 ቢሆን፣ አማካይዋ 63.5 ይሆናል። ምዘና ከመቶው 20 የሚይዝ ከሆነ 12.7 ነጥብ አገኘች ማለት ነው። ዕቅዱ ተስተካክሎ አፈጻጸሟ በ100 ቢያዝ አማካይዋ 95፣ ነጥቧም 19 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 6.3 ነው፤ በዴሲማል በሚወሰን ውድድር ይህ ገደል ነው። የሚያሳዝነው ማንም ሆን ብሎ አለማድረጉ ነው፤ ሒሳቡን ያወጣው ኤክሴል ነው።

መድኃኒቱ ፈቃድ ከመውጣት በፊት ነው የሚወሰደው። ሠራተኛዋ ፈቃዷን ስትጠይቅ በዚያው ደብዳቤ ላይ ዕቅዷ በሥራ ላይ በምትገኝበት ጊዜ ልክ እንዲስተካከል ትጠይቃለች፤ የቅርብ ኃላፊው የተስተካከለውን ዕቅድ ይፈርማል፤ ሦስት ኮፒ ይሆናል፦ አንዱ ለማኅደር፣ አንዱ ለሰው ኃይል፣ አንዱ ለራሷ። ሌላው አማራጭ ያ ግማሽ ዓመት ሳይመዘን ታልፎ ከዚያ በፊት ያለው እንዲወሰድ ማድረግ ነው፤ ይህም ይሠራል፣ መመሪያ ላይ ከተጻፈ። ያልተጻፈ እንደሆነ በየኮሚቴው ፊት ይለዋወጣል።

ማስታወቂያው ራሱ የሚለጠፍበት መንገድም አለ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ወሊድ ላይ ያለችው አታየውም፣ መራዊ ወይም ዳንግላ ቅርንጫፍ ያለችው በቴሌግራም ሲደርሳት ቀኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ፈቃድ ላይ ላሉ በአጭር መልእክት ይላክ፣ በወኪልም መመዝገብ ይፈቀድ፤ ወጪው የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ነው።

አራተኛው ቀን የማስመሰል ኮሚቴ ነው። ሠልጣኞች በሁለት ይከፈላሉ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማኅደር ይሰጣል፤ በአንዱ ላይ የአመልካቹ ስም የወንድ፣ በሌላው የሴት ነው። ነጥብ ሰጥተው ያነጻጽራሉ። ልምምዱ ጥሩ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይበላሻል። አንደኛ፣ አሠልጣኙ የተገኘውን ልዩነት እንደ ማስረጃ ያቀርበዋል፤ አሥራ ሁለት ሰው ከአሥራ ሁለት ሰው ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ በአጋጣሚም ሊለያይ ይችላል፣ ልዩነት ካልመጣም “እኛ ዘንድ አድልዎ የለም” ተብሎ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ነጥብ የሚሰጡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እውነተኛው ኮሚቴ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ግን አዳራሹ ውስጥ የሉም። እነሱ መጥተው ቢቀመጡ ልምምዱ ሌላ ነገር ይሆናል።

የቃለ መጠይቁ ክፍል ይሻላል። “ወረዳ ብትመደቢ ትሄጃለሽ?”፣ “ባለቤትሽ ምን ይላል?” የሚሉት ጥያቄዎች ለሴት ብቻ እንደሚቀርቡ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቁም ነገሩ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ጥያቄዎቹ ቀድመው በወረቀት ይዘጋጁ፤ ለሁሉም ያው ይነበብ፤ እያንዳንዱ አባል ውይይት ከመጀመሩ በፊት ነጥቡን ጽፎ ለጸሐፊው ይስጥ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ነጥቡ በየአባሉ ይያያዝ። መጀመሪያ ተወያይቶ በኋላ ነጥብ የሚሰጥ ኮሚቴ የሊቀመንበሩን ሐሳብ አምስት ጊዜ ይጽፋል እንጂ አምስት አስተያየት የለውም። ወረዳ መመደብን በተመለከተ ደግሞ አሁን ባለው የመንገድ ሁኔታ “ሁለት ዓመት ከከተማ ውጭ” የሚል ቅድመ ሁኔታ ለወንዱም ከባድ ነው፤ በዋናው መሥሪያ ቤት ብድር ወይም ኦዲት ክፍል የተሠራ የቡድን መሪነት በእኩል እንዲቆጠር ማድረግ ይቻላል። ፋብሪካ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ለምርት ኃላፊነት የሌሊት ሺፍት መምራት ይጠየቃል፤ አዋጁ ደግሞ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ጥበቃው ትክክል ነው፤ በእነዚያ ወራት የመራችው የቀን ሺፍት ካልተቆጠረላት ግን ጥበቃው ራሱ እድገቷን ይበላዋል።

ከሰዓት በኋላ ስለ ርክክብ ይነገራል፤ በሌላ ሥልጠና ብዙ አይገኝም፣ ለአቅራቢው ሊመሰገንበት ይገባል። መነሻው የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ሚሼል ራያንና አሌክስ ሃስላም በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው፦ ሴቶች ወደ ኩባንያ ቦርድ የሚጠሩት ብዙ ጊዜ የኩባንያው ውጤት ሲያሽቆለቁል ነው። በቅርንጫፍ ደረጃም ማንም ያልፈለገውን ቅርንጫፍ “እንኳን ደስ አለሽ” ብሎ መስጠት አለ። ስለዚህ ሹመቱን ከመቀበል በፊት የሚጠየቁ ወረቀቶች አሉ፤ የተበላሸ ብድር ድርሻ ክፍያው በዘገየበት ጊዜ ርዝመት ተከፋፍሎ (ብሔራዊ ባንክ የሚጠብቀው ጣሪያ 5 በመቶ ነው)፣ ያልተዘጉ የኦዲት ግኝቶች፣ በርክክቡ ቀን የተፈረመ የካዝና ቆጠራ፣ የቋሚ ንብረት ዝርዝር፣ ፍርድ ቤት ያሉ ጉዳዮች። የተበላሸ ብድሩ 14 በመቶ የሆነ ቅርንጫፍ ከተረከበች የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ዒላማዋ ከ14 እንዲጀምር በጽሑፍ ታስደርግ። ካልሆነ የቀድሞው ሰው ዕዳ በስሟ ይመዘገባል።

አምስተኛው ቀን ላይ የስኬታማ ሴቶች ውይይት ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ሴቶች የመሠረቱት እናት ባንክ ይነሳል፤ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው የተሾሙት ፍሬሕይወት ታምሩ ይነሳሉ፤ በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን የብድር ኦፊሰር እንዴት ቡድን መሪ እንደምትሆን አይናገርም፤ አንዱ የባለቤትነት፣ ሌሎቹ የሹመት መንገድ ናቸው። የኖርዌይም ኮታ እንዲሁ ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2008 ሙሉ በሙሉ የተተገበረው የ40 በመቶ ሕግ የቦርድ አባላትን ነው የሚመለከተው። ቦርድ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ይመረጣል፣ የውስጥ እድገት በኮሚቴ። ሁለቱን መንገድ አደባልቆ ማስተማር ሠልጣኟን የትኛውን በር እንደምታንኳኳ ግራ ያጋባታል።

መስተንግዶውን ባጭሩ። ሐይቁ ዳር ያሉ አዳራሾች ነፋሻማና ሰፊ ናቸው፤ ምሳው ላይ የጣና ዓሣ ይቀርባል፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም በደንብ ይዘጋጃል። ዓሣው ጥሩ ነው፣ ግን ሥልጠና የገዛ ሰው ለዓሣ አልከፈለም። የጎደለው ሌላ ነው። የሚያጠቡ እናቶች ሕፃኑንና ሞግዚቷን የሚያቆዩበት ክፍል በውል ላይ ካልተጠየቀ አይዘጋጅም፤ አንድ የመኝታ ክፍል ለአምስት ቀን መያዝ በቂ ነው። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 የሚል ፕሮግራም ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናትን ሁለት ጊዜ ይቀጣታል፤ ከ3፡00 እስከ 10፡00 በቂ ነው፣ የአንደኛው ቀን ጨዋታ ከወጣ ጊዜው ይተርፋል። ጄኔሬተር መኖሩንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ማንን መላክ? አበል ስላለው በተራ መላክ የተለመደ ነው፤ ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ ለቡድን መሪነት የምትወዳደረውን ላኩ፤ ከብድር፣ ከኦፕሬሽን፣ ከምርት፣ ከጥገና ክፍል። ከሰው ኃይልና ከጽሕፈት ክፍል ብቻ መርጦ የሚልክ ድርጅት ሥራ አስፈጻሚ ከማይወጣበት ክፍል ነው የመረጠው። ከእያንዳንዷ ሠልጣኝ ጋር የቅርብ ኃላፊዋ ቢያንስ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀን ይገኝ።

ክፍያው በሰው ተሰልቶ አዳራሽ፣ ምግብ፣ የአሠልጣኝ ትኬትና ማንዋል ይጨምራል። ዋጋው በየዙሩ ስለሚለዋወጥ ዝርዝሩን ለያይተው እንዲያቀርቡ ጠይቁ፤ ብዙው የሚሄደው ለአዳራሽና ለምግብ እንደሆነ ካያችሁ ሥልጠናውን በራሳችሁ የስብሰባ አዳራሽ ማድረግ ይቻላል። ውሉ ላይ ክፍያውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ 40 በመቶ ሲፈረም፣ 30 በመቶ ሥልጠናው ሲያልቅ፣ የቀረው 30 በመቶ ከስድስት ወር በኋላ አሠልጣኞቹ ተመልሰው የሠልጣኞቹን ማኅደር፣ የተሻሻለውን የምዘና ቅጽና የኮሚቴውን የነጥብ ወረቀት አይተው ሪፖርት ሲያስገቡ። ይህን አንቀጽ አንፈርምም የሚል አቅራቢ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።